ጥቁር ፊት ያለው ሰይጣን፦ ስለ አንድ ያላረካኝ ልብ ወለድና ስለ ሰፈራችን ሸክላ ሠሪ

ባለፈው ዓመት በልብ ወለድ ሒስ ትምህርት ላይ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። «ብዙ ሕዝብ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ምረጡ፤ ለምን እንደተወደደ አጥኑና ጻፉ» የሚል ነው። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወይም «ዴርቶጋዳ»ን ያዙ። እኔ ለየት ለማለት ብዬ ነቀምቴ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ሽፋኑ ላይ የፍየል ጭንቅላት የተሳለበት፣ ጀርባው የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አነሳሁ። ልጁ ሳቅ ብሎ «እሱን ማታ እንዳታነቢው» አለኝ። ታዲያ እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይተወዋል? ገዛሁት፤ ማታም አነበብኩት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው ያነበብኩት። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ደግሞ ከሻማ የተሻለ ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር እስከ ግማሹ ድረስ ፈርቻለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ፍርሃቱ ጠፍቶ ብስጭት ብቻ ቀረኝ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ያ ብስጭት ከየት እንደመጣ ነው። መጽሐፉ «ሰይጣን አለ» ስላለ አይደለም። ሰይጣን አለ የሚል ሰው በወለጋ ከተሞች ሞልቷል፤ ያሳደጉኝም እነሱ ናቸው። ያናደደኝ መጽሐፉ ክፉው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ነው።

መጽሐፉና ታሪኩ

መጽሐፉ ዴኒስ ዊትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1934 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ዴቭል ራይድስ አውት» ነው። «ሰይጣን ጋልቦ ወጣ» ብንለው ያስኬዳል። ዊትሊ የጀብዱ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። በዚህኛው ጥንቆላና አጋንንትን ጨመረበት፤ ሕዝቡም ወደደለት፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ዓይነት መጽሐፍ ደጋግሞ ጻፈ። በ1968 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ሊ የተወነበት ፊልም ሆኖም ወጥቷል። ደራሲው በመግቢያው ላይ እሱ ራሱ በምንም ዓይነት የአስማት ሥነ ሥርዓት ተካፍሎ እንደማያውቅ ይናገራል፤ አንባቢውም እንዲህ ካለው ነገር እንዲርቅ ያስጠነቅቃል። ይሄ ማስጠንቀቂያ እንግዲህ ከመጽሐፍ ሻጩ ልጅ «ማታ እንዳታነቢው» ጋር አንድ ነው። ገበያ ማድመቂያ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዱክ ደ ሪሽሎ የሚባል ፈረንሳዊ መስፍንና ሬክስ ቫን ራይን የሚባል አሜሪካዊ ወዳጁ፣ ሳይመን አሮን የተባለው ጓደኛቸው ስለጠፋባቸው ለንደን ወደሚገኘው ቤቱ ይሄዳሉ። ሳይመን እነሱ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ግብዣ ላይ ነው። ደ ሪሽሎ ከዋክብት በሚታዩበት የላይኛው ክፍል ውስጥ በቅርጫት የተቀመጡ ጥቁር አውራ ዶሮና ነጭ ሴት ዶሮ ያገኛል፤ ነገሩም ወዲያው ይገባዋል። (እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ከለንደን እስከ ነቀምቴ ያለ ጥፋቷ የምትታረደው ዶሮ ናት ማለት ነው።) የማኅበሩ መሪ ሞካታ የሚባል ሰው ሲሆን፣ ሳይመንን የፈለገው በተወለደበት ኮከብ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲያ ማሳደድ ነው። በፈረንጆች አፕሪል 30 ሌሊት ሜዳ ላይ ጠንቋዮች ይሰበሰባሉ፤ ሰይጣን በፍየል መልክ ይገለጣል፤ ጀግኖቹ የመኪና መብራት አብርተው መሀላቸው ይገባሉ፤ ኋላም አንዲት ሕፃን ትሰረቅና በአውሮፕላን እስከ ግሪክ ድረስ ይኬዳል።

ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት አንድ ምዕራፍ አለ። ደ ሪሽሎና ሦስት ጓደኞቹ በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው፣ ጠበልና ነጭ ሽንኩርት ደርድረው፣ እስኪነጋ ከክቡ ላለመውጣት ተማምለው ይቀመጣሉ። የቤቱ ባለቤት ሪቻርድ በዚህ ነገር አያምንም። ውሃው ጣዕሙ ተበላሽቷል ይላል፤ ይሄ ሁሉ ሞኝነት ነው፣ ልሂድና አልጋዬ ላይ ልተኛ ይላል። በኋላ ደግሞ የሬክስ ድምፅ ከውጭ «ክፈቱልኝ» እያለ ይጣራል። ሬክስ ነው ወይስ አይደለም? ሪቻርድ ይህን የሚለው ስለደከመው ነው ወይስ አንድ ነገር እያናገረው ነው? ትዝቬታን ቶዶሮቭ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ ነፍስ የሚኖረው ማመንታቱ እስካለ ድረስ ነው ይላል። አንባቢው «ይህ በእርግጥ መንፈስ ነው» ብሎ ከወሰነ ታሪኩ ወደ ተረት ይሄዳል፤ «አይ፣ ሰውየው አሞት ነው» ካለም ወደ ተራው ዓለም ይመለሳል። እኔም በሻማዬ ፊት በእነዚያ ጥቂት ገጾች ላይ በእርግጥ አመንትቻለሁ።

ምን ያደርጋል፣ አልቆየም። የሞት መልአክ በፈረስ ተቀምጦ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ማመንታቱም እዚያው ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ደ ሪሽሎ የሚለው ሁሉ ትክክል ነው። መጨረሻው ደግሞ የባሰ ነው። ጊዜ ወደ ኋላ ይመለስና ሁሉም ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ሞታ የነበረችው ልጅ ድናለች፤ የሞተው ሞካታ ብቻ ነው። ሦስት መቶ ገጽ ያህል አብሬያቸው ስሮጥ ቆይቼ «ምንም አልሆነም» ስባል፣ ገንዘቤን መልሱ ልል ምንም አልቀረኝም።

አይቶ ማወቅ

ይሁን እንጂ ደካማ መጨረሻ ያለው መጽሐፍ ብዙ ነው። እኔን የነካኝ ከዚያ በፊት ያለ አንድ ገጽ ነው። ደ ሪሽሎና ሬክስ ወደ ሳይመን ባዶ ቤት በሌሊት ይመለሳሉ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ነገር ቀስ በቀስ ቅርፅ ይይዛል፤ ዓይን ያወጣል። ያ ርኩስ መንፈስ ተገልጦ ሲጨርስ መልኩ የማን ሆነ? የሞካታ አገልጋይ፣ ከማዳጋስካር የመጣው ጥቁር ሰው መልክ ነው። አገልጋዩ ከየት ተነስቶ እንዴት ለንደን እንደደረሰ፣ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚወድ መጽሐፉ አይነግረንም። ጥቁርነቱና አስፈሪነቱ ይበቃል።

ሻማው አጠገብ ያለውን እጄን አየሁት። እስከዚያች ገጽ ድረስ እኮ እኔ ከደ ሪሽሎ ወገን ነበርኩ። አብሬው ስፈራ፣ አብሬው ደረጃ ስወጣ ነበር። አሁን ግን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያስፈራው እኔን የሚመስል ሰው ሆነ።

ወደ ኋላ ገልጬ የግብዣውን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩ። በሳይመን ቤት የተሰበሰቡት የሰይጣን ወዳጆች እነማን ናቸው? አንድ ክንድ ብቻ ያለው ክልስ፣ ቻይናዊ፣ ጥምጥም የጠመጠመ ህንዳዊ፣ ቆዳውና ፀጉሩ የነጣ ሰው። ጀግናው ያያቸዋል፤ ክፉዎች መሆናቸውም ይታወቀዋል። አንዳቸውም ገና ምንም አላደረጉም። ትንሽ ቆይቶ ደ ሪሽሎ የ1914ቱን የዓለም ጦርነት ሳይቀር የሚያመካኘው ራስፑቲን በተባለው ሩስያዊና በአንድ ጥንታዊ የግብፅ ክታብ ላይ ነው። ንጉሦቹ፣ ጄኔራሎቹ፣ መድፍ ሻጮቹ ሁሉ ነፃ ወጡ ማለት ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «በ1934 የነበረ እንግሊዛዊ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ልክ ነው። በዛሬ ሚዛን አልመዝነውም። ነገር ግን በልብ ወለድ ሚዛን ብንመዝነውስ? ክፉው ሰው ገና ከበር ሲገባ በመልኩ የሚታወቅበት ታሪክ ልብ ሊያንጠለጥል አይችልም። የሚጠረጠር የለም፤ ተጠርጥሮ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝም የለም። ከሳሹ ፈጽሞ አይሳሳትም።

ጠንቋይ ስንል ማንን ነው?

መጽሐፉን ሳጠና የእንግሊዝኛውን «ዊች» በአማርኛ ምን እንደምለው ተቸገርኩ። መዝገበ ቃላት «ጠንቋይ» ይላል። ጠንቋይ ግን ሰው ገንዘቡን ይዞ በእግሩ የሚሄድበት ሰው ነው፤ ከብት ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም፣ ትዳር ሲናጋ። ቤቱ ይታወቃል፤ ወረፋም አለው። «መተተኛ» ሌላ ነው፦ ተምሮ፣ አስቦ፣ በድግምትና በመድኃኒት ሰው የሚጎዳ ነው፤ በእኛ በኦሮምኛው «ፈልፈላ» የምንለው ወደዚህ ይጠጋል። «ቡዳ» ደግሞ አይማሩትም። በዘር ይወረሳል፣ በዓይን ይወጋል፣ ሰውየው ሳያውቀው እንኳ ያደርገዋል ይባላል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ አዛንዴ ሕዝብ በጻፈው ጥናት ውስጥ ይህንኑ ልዩነት ያሳያል፤ አንዱ ከሰውነት ጋር የሚወለድ፣ ሌላው በመድኃኒትና በድግምት የሚሠራ ነው። «ዛር» ከነአካቴው ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ የሚወርድ መንፈስ ነው። የወረደበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። እንግዲህ እኛም አገር ጋላቢ አለ ማለት ነው።

በኦሮምኛ «አያና» ስንል ደግሞ ክፉ ብቻ ማለታችን አይደለም። «ቃሉ»ም በአማርኛ «ቃልቻ» ተብሎ እንደ ስድብ ከሚነገረው የተለየ ነው። ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በመጫ ኦሮሞ የቃሉ ሥርዓት ላይ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ያየ ሰው፣ ሕዝቡ ወደ ቃሉ ገልማ ጸሎትና ስለት ብቻ ሳይሆን ጠቡንም ክሱንም ይዞ ይሄድ እንደነበር ይረዳል። ይህን ሁሉ «ዊች» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ለዊትሊ ቀላል ነው። ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ግን ቀላል ሊሆን አይገባም።

ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። «ጠንቋይ ነኝ» የሚል ሰው አለ፤ እንጀራው ነው። «ዛር አለብኝ» የምትል ሴትም አለች። «እኔ ቡዳ ነኝ» ብሎ የሚነሳ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ቡዳነት ሁልጊዜ ሌላው ሰው የሚለጥፈው ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ በጻፈው ላይ ቡዳ የሚባሉት መሬት የሌላቸው ባለ እጆች፣ ማለትም ጠይቦች መሆናቸውን ያሳያል። በእኛም አገር ቱምቱ የምንለው ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው።

ሸክላ ሠሪዋ

ያደግኩት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ጀበናና ምጣድ ይዛ ትመጣ ነበር። ጀበናዋ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ከሩቅ ቀበሌ ድረስ መጥተው ይገዟታል። ይገዟታል እንጂ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚበላ አልነበረም። እናቴ ከእሷ ስትገዛ እንኳ የያዝኩትን ቆሎ በነጠላዋ ትሸፍንብኝ ነበር። እኛ ልጆች ያገባችን ሴት ሁሉ በአክብሮት «አዴ እገሊት» ብለን ነው የምንጠራው። እሷን ግን «አዴ» ብሎ የጠራት ልጅ አላስታውስም። ስሟ «ሸክላ ሠሪዋ» ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የሰባት ዓመቱ ወንድሜ ታመመ። ሰውነቱ ጋለ፤ ሆዱን ይዞ ይጮሃል፤ ሌሊት ይቃዣል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት አሮጊት «ተበልቷል» አሉ። ጨርቅ አጭሰው፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጠው አፍንጫው ሥር ያዙለት። (ደ ሪሽሎ ነጭ ሽንኩርቱን ሲደረድር ያ ሽታ መጣብኝ።) ትከሻውን ይዘው «ተናገር! ማነህ? ከየት መጣህ?» ይሉት ጀመር። ወንድሜ አለቀሰ፤ ሳለ። ደጋግመው ጠየቁት። በመጨረሻ «ሸክላ ሠሪዋ» አለ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ያንን እፎይታ አልረሳውም። ልጁ አልዳነም፤ ትኩሳቱ እንዳለ ነው፤ ግን ማን እንደሆነች ታወቀ።

በማግስቱ አባቴ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒት ወስዶ በሳምንቱ ኳስ መጫወት ጀመረ። ወሬው ግን ከተማውን ዞሮ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸክላ ሠሪዋ መጣች፤ ማንም አልገዛትም። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አልመጣችም። ሌላ ቦታ ሄደች ተባለ። ስለ ወባው ለገበያው የነገረ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር ልጻፍ። ወንድሜ ከመታመሙ ጥቂት ቀን በፊት፣ ገበያ ላይ ዳቦ ይዞ ሲያያት «ዓይኗን አትየው፣ ትበላሃለች» ብዬ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። የልጅ ጨዋታ ነበር፤ ዳቦውን እንዲያካፍለኝ ነው። በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ «ማን ነው?» ሲባል ያንኑ የሰጠሁትን ቃል መለሰ።

ዊትሊን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ያሰብኩት ይህንን ነው። እኛም ቤት ክብ ነበረ፣ ሽታ ነበረ፣ ከልጁ አፍ የሚወጣ ድምፅ ነበረ፣ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነበረ። የጎደለው ሰይጣን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ከሳሹ ሊሳሳት እንደሚችል አድርጎ የጻፈ ደራሲ ባገኝ፣ ሻማውን አጥፍቼ በባትሪም ቢሆን አነበው ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ጎንደር

የዊትሊ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1934 እ.ኤ.አ. ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ የጉዞ ማስታወሻውን አሳተመ። ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የጥናት ቡድን ጸሐፊ ነበር። (ይህ ቡድን ከጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አንስቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱን ሳልጠቅስ አላልፍም።) በ1932 እ.ኤ.አ. አምስት ወር ያህል ጎንደር ሲቆይ፣ መልካም አየሁ የተባለች ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የታዘበውን ሁሉ ጻፈ።

አንዱ ምንም ሳያይ ጻፈ፣ ሌላው ቁጭ ብሎ አየ ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ልዩነቱ ይበልጣል። በመልካም አየሁ ቤት መንፈሱ ሲወርድ ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ ሽቶ ይፈልጋል፣ የዚህ ዓይነት መልክ ያለው በግ ይታረድልኝ ይላል። ዛሮቹም ጌታና ሎሌ አላቸው። ቡናው ይፈላል፤ ድርድሩ ይቀጥላል። በሽተኛዋ ከማኅበሩ አትባረርም፤ እንዲያውም ትገባበታለች። ሳይመን ሜሲንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ዛር ሲጽፍ በባሎቻቸው ችላ የተባሉ ሴቶች በዛር በኩል የሚሰማቸው እንደሚያገኙ አመልክቷል። ሌሪስም በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ላይ ነገሩን የሚኖሩት ቴአትር ብሎታል፤ ማስመሰል ብቻም ያልሆነ፣ ማስመሰል የሌለበትም ያልሆነ። የቶዶሮቭ ማመንታት ማለት ይሄው አይደል እንዴ? ይህን ስል ዛር ቤትን ማወደሴ አይደለም። ድሃ ሴት ያላትን በግ የሚያሳርድ መንፈስ ውድ ሐኪም ነው። ግን ቢያንስ ይሰማታል።

በልብ ወለድስ? የሚቀርበኝ ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ነው። የታመሙ ፊታውራሪ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይሄዳሉ፤ ልጃቸው ጎይቶም አብሯቸው ነው። ጠበሉም ጠንቋይዋም እዚያ አሉ። ጎይቶም ግን እንደ ደ ሪሽሎ ሁሉን አዋቂ አይደለም፤ አያምንም፣ አባቱንም ጥሎ አይሄድም። መጽሐፉ ለንባብ ከባድ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ያሰለቻል። ማታ አላስፈራኝም፤ በማግስቱ ቀን ላይ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

የቤት ሥራዬን ስመልስ መምህራችን ጠርዙ ላይ «ጥያቄው ለምን ተወደደ የሚል ነበር፤ አንቺ የጻፍሽው ለምን እንደጠላሽው ነው» ብለው ጻፉበት። ቢሮአቸው ሄጄ የወንድሜን ታሪክ ነገርኳቸውና «ሰው የሚወደው ያንን እፎይታ ነው» አልኩ። ዝም ብለው አሰቡና «እሱን ለምን አልጻፍሽውም?» አሉኝ። ይሄ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው።

ለመጻፍ ስነሳ እናቴ ጋ ስልክ ደወልኩ። «አዮ፣ ያቺ ሸክላ ሠሪ ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ፤ ከነአባቷ ስም። ለካ ሁልጊዜም ታውቀው ኖሯል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

«ጀበናዋስ?» አልኳት።

«አምና አፏ ተሸረፈ። ቡናው ግን አሁንም በሷ ነው የሚፈላው» አለችኝ።